ያለ ፈቃድ የተገኘ መኖ

መተማ ዮሐንስ ላይ ጫጩት ለማስፈልፈል የሚያስቸግረው ሙቀት ማግኘት ሳይሆን ሙቀትን መከላከል ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ይህን ለመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ስነግራቸው አላመኑኝም። ደጋ ያደገ ሰው እንቁላል የሚበላሸው በብርድ ብቻ ይመስለዋል። እኛ ዘንድ ግን ከየካቲት ጀምሮ ቀትር ላይ የጣሪያው ቆርቆሮ እጅ አያስነካም። የመፈልፈያ ማሽኑ ሙቀት መስጠቱን አቁሞ እንኳ ውስጡ ከሚገባው በላይ ይግላል። ለዚህ አክስቴ የራሷ ዘዴ ነበራት። ባዶ ጆንያዎች ውሃ ውስጥ ነክራ በሩና መስኮቱ ላይ ትሰቅላለች። ጆንያው እርጥብ እስከሆነ ድረስ የሚገባው አየር ይቀዘቅዛል፤ ከደረቀ ግን እሳት ያስገባል። ስለዚህ ፀሐይዋ ከከረረችበት ሰዓት እስክታዘቀዝቅ አንድ ሰው ከጆንያዎቹ አይርቅም። የመጀመሪያው ሴሚስተር አልቆ ለእረፍት ስመለስ ያ ሥራ የእኔ ሆነ።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ያሳደገችኝም እሷ ናት። አያቴ ከደንቢያ ወደ ቆላው ወርደው ሰሊጥ ሲያርሱ እዚሁ ነው የተወለደችው። ባሏ ከሞተ በኋላ የሰሊጥ መሬቱን ለሌላ ሰው አከራየችና በኪራዩ ማሽኑን ገዛች። የጫጩት ማስፈልፈያ ንግድ ፈቃዷ በመስታወት ተከቦ ከበሩ በላይ ተሰቅሏል። በየዓመቱ ተሰልፋ ታሳድሰዋለች። ክፍያው ሲጨመር ለአንድ ሳምንት ያህል ታጉረመርማለች እንጂ ዘግይታ አታውቅም። እኔን ስትመክረኝም ከመንግሥት ጋር ቀልድ የለም ነበር የምትለኝ።

በዚያ ዓመት ማሽኑን ጠርዝ እስከ ጠርዝ ሞልታው ነበር። በጾሙ መግቢያ የተፈለፈለ የሥጋ ጫጩት ለፋሲካ ይደርሳል፤ ከዚያ የዘገየ አይደርስም። የዓመቱ ትልቁ ገበያዋ ይኸው ነው። እንቁላሎቹ መሰንጠቅ የሚጀምሩት ይህ የምጽፈው ነገር በሆነበት ቀን ማታ ስለነበር ሁለታችንም ከጠዋት ጀምሮ ብዙ አናወራም ነበር። ቴርሞሜትሩን እናያለን፣ ውሃ እንቀዳለን፣ እንደገና እናያለን።

መኖው የተቀመጠው እዚያው ቤት ውስጥ፣ ከማሽኑ በግድግዳ በተለየው ክፍል ነበር። ሁለቱም ክፍሎች መግቢያቸው አንድ በር ነው፤ በመሀላቸው መዝጊያ የለም። አክስቴ ማሽላ ታስፈጫለች፤ ከዘይት መጭመቂያዎች የሚወጣውን የሰሊጥ ፋጉሎ ትገዛለች፤ ሁለቱን ራሷ በምታውቀው መጠን ታደባልቃለች። ጫጩት ለገዛ ሰው ሁሉ ከዚህ ድብልቅ ይሰፈርለታል። ምርቃት ነው። ሰው ጫጩቱን ወስዶ ደረቅ ማሽላ ብቻ ሲያበላው ይሞትበትና የሚያማው እሷን ስለሆነ ነበር የጀመረችው። በኋላ ልማድ ሆነ። ምርቃት የሌለው ጫጩት ከእሷ ቤት ወጥቶ አያውቅም።

በዚያ ቀን ከረፋዱ ላይ አንድ ሰው መጣ። ወጣት ነው፤ እጀ ጉርድ ሸሚዝ ለብሷል፤ አነጋገሩ የደጋ ነው። አክስቴ ገዢዎችን የምታስተናግደው ደጃፉ ላይ ባለው ራኩባ፣ በሣር በተከደነው ዳስ ሥር ነው። እዚያ ገብቶ ግንባሩን እየጠረገ የጫጩት ዋጋ ጠየቃት። ነገረችው። ከነመኖው እንደሆነ ጠየቀ፤ አዎ አለችው።

“እኔ መኖ አለኝ። ያለ መኖ ብወስድስ?” አላት።

በእኛ አገር ለዚህ ጥያቄ መልሱ አንድ ነው። ገዢ ምርቃቱን ከተወ ዋጋ ይቀነስለታል። አለመቀነስ ስስት ነው፤ ሰው ያማል። አክስቴም ሳታመነታ ቀነሰችለት። ሰውየው አመሰገናትና ከደረት ኪሱ መታወቂያ አውጥቶ አሳያት። የንግድ ተቆጣጣሪ ነበር። ከራኩባው ውጭ ቆሞ ያላስተዋልነው ደንብ አስከባሪም የማሸጊያ ወረቀትና ሙጫ የያዘ ቦርሳ ይዞ ገባ።

እኔ በሩ ላይ ጆንያ እየሰቀልኩ ነበር። ውሃው በክንዴ ላይ እየፈሰሰ ቀጥ ብዬ ቀረሁ።

ተቆጣጣሪው ሲያስረዳ ድምፁን አላነሣም። ሲተዉት ከዋጋ የሚቀነስ ነገር የሚሸጥ ነገር ነው አለ። መኖ መሸጥ ደግሞ የራሱ የብቃት ማረጋገጫ፣ የራሱ ፈቃድ፣ የራሱ ክፍያ አለው። ከበሩ በላይ ያለው ፈቃድ የጫጩት ብቻ ነው። በከተማው ያለ ፈቃድ መኖ የሚሸጡ ቤቶች እንዲታሸጉ ታዟል።

አክስቴ መጀመሪያ የቀልድ አስመስላ ልታልፈው ሞከረች። “ማንነትህን ቀድመህ ብትነግረኝ ኖሮ ዋጋውን መቼ እቀንስልህ ነበር” አለችው። ደንብ አስከባሪው ፈገግ ሊል ሲል ተቆጣጣሪውን አይቶ ተወው። ከዚያ በኋላ ነው አክስቴ ፊቷ የተለወጠው። ቤቱ ያለው አንድ በር መሆኑን ያኔ አሰበች መሰለኝ።

በሩ ከታሸገ ጆንያ የሚያረጥብ ሰው አይገባም። መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር የሚያስነሣ የለም። እንቁላሎቹ ውስጥ ያሉት ጫጩቶች አድገው ጨርሰዋል፤ ለመውጣት ሰዓታት ነው የቀራቸው። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረችው። መጀመሪያ “ወንድሜ” ስትለው ነበር፤ መሀል ላይ “ልጄ” ማለት ጀመረች። እጁን ይዛ አስገብታ ቴርሞሜትሩን አሳየችው። ላቡ አገጩ ላይ እየተንጠባጠበ አየ። የመጣው ለመኖው እንጂ ለእንቁላሉ እንዳልሆነ፣ ነገር ግን በሩን ለሁለት ከፍሎ ማሸግ እንደማይችል ነገራት። ሌላ ቤት ሄዶ እስኪመለስ፣ እስከ ስድስት ሰዓት፣ መፍትሔ ካገኘን እንደማያሽግ ቃል ሰጠን። ይህን ያለው አዝኖልን ይመስለኛል። ግን ስድስት ሰዓት ማለት ቀትር ነው።

አክስቴ የመኖውን ክፍያ ዛሬውኑ እንድከፍል ብር ሰጥታ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ላከችኝ። ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። መንገድ ላይ የምናገረውን ተለማመድኩ፤ ባለሥልጣን ፊት ስቆም ቃል ይጠፋብኛል። ከመስኮቱ ኋላ የነበረችው ሠራተኛ ሴት ናት፤ እስክጨርስ ታገሠችኝ። ከዚያ ችግሩ ክፍያው እንዳልሆነ ነገረችኝ። ክፍያ የሚቀበሉት የብቃት ማረጋገጫ ሲኖር ነው። ማረጋገጫው ደግሞ በሽታ እንዳይተላለፍ ሲባል ከጫጩት ማስፈልፈያ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ላለ መኖ አይሰጥም። ሌላ ቤት አዛውረን ብናስቀምጠውስ ብዬ ጠየቅሁ። እዚያም ፈቃድ ስለሌለው ያንን ቤት ያሽጉታል። ለነጋዴ ብንሸጠውስ? ያለ ፈቃድ መሸጥ ነው፤ ይብሳል።

“መኖው ከቤት ከወጣ የሚታሸግ ነገር የለም” አለችኝ በመጨረሻ። “እንዴት እንደምታወጡት ግን እኔ ልነግርሽ አልችልም፣ እህቴ።”

ብሩን እንደያዝኩ ተመለስኩ። ስደርስ አክስቴ ጆንያ ታረጥባለች፤ ግን ብቻዋን ስለነበረች በስተ ምዕራብ ያለው መስኮት ላይ የተሰቀለው ደርቆ ነበር። እሱን እየነከርኩ የሰማሁትን ሁሉ ሳላጎድል ነገርኳት።  ወደ መኖው ክፍል ገብታ የተደረደሩትን ከረጢቶች ስታይ ቆየች። ለፋሲካ ገዢዎች ብላ ስታዘጋጅ የከረመችው ነው። ጥሬ ዕቃውን ለመግዛት የመሬቱን ኪራይ አውጥታበታለች።

ተቆጣጣሪው ከቃሉ ትንሽ ቀደም ብሎ መጣ። አክስቴ በር ላይ ጠበቀችው።

“ሳልሸጠው ብሰጠውስ?” አለችው።

አሰበ። “ያለ ክፍያ?”

“ያለ ክፍያ።”

“ይችላሉ፣ እናቴ። ግን አንድ ብር እንኳ ከተቀበሉ ሽያጭ ነው። ያን ጊዜ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም።”

እኔ በየጎረቤቱ ዞርኩ። ነገሩን በአጭሩ እናገራለሁ፤ መኖ ውሰዱ፣ ብር ግን አትስጡ፣ ብር ከሰጣችሁ ቤቱ ይታሸጋል። ይህን ለአንዳንዱ ሁለቴ ነገርኩ። ሰው ሳፋ፣ ጆንያ፣ የተቆረጠ ጀሪካን ይዞ መጣ። ሰሊጥ አጨዳ ወርደው ሳይመለሱ የቀሩ የወሎ ልጆችም ዶሮ ባይኖራቸውም ግርግሩን አይተው ተሰበሰቡ። ተቆጣጣሪው ከራኩባው ምሰሶ አጠገብ ቆመ። ደንብ አስከባሪው ሙጫውን ከቦርሳ አውጥቶ በእጁ ያዘ። አክስቴ ትሰፍራለች፣ ሰዎች ይወስዳሉ፣ እኔ በእነሱ መሀል ውሃ ይዤ ወደ ጆንያዎቹ እሮጣለሁ። ቶሎ እንዲያልቅ ነበር የምንፈልገው። በየመሀሉ ቴርሞሜትሩን ሳይ ቀዩ መስመር ከፍ ብሎ አገኘዋለሁ፤ ለአክስቴ በዓይኔ እነግራታለሁ፤ እሷም እጇን ታፈጥናለች።

ሰዎቹ ግን ቶሎ አይሄዱም። ባዶ እጅ መቀበል ከበዳቸው። አንዷ ጎረቤታችን ነገ ጨው ላምጣልሽ ስትል አክስቴ አፏን በእጇ ያዘችባት። ሌላዋ የመረቀችውን ምርቃት ሦስት ጊዜ መረቀች። ሁሉም ዕዳ ያለበት ይመስል አንገቱን ደፍቶ ይቆማል።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ መጡ። ከእኛ ሁለት ቤት አልፈው ነው የሚኖሩት። ትልቅ የሰሊጥ አራሽ ናቸው፤ ትራክተር አላቸው፤ የአክስቴ ባል ጓደኛ ነበሩ። በሰፈሩ ጠብ ሲነሣ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ብር እንዳይሰጡ ነግሬአቸው ነበር፤ ራሳቸውን ነቅንቀውም ነበር። አክስቴ ጆንያቸውን ልትቀበል ስትል ግን እጇን ጨበጡ፤ በጭብጡ ውስጥ የታጠፈ ብር ነበር። እንዲህ ነው ልማዱ፤ የተቸገረ ሰው እንዳያፍር በሰላምታ ውስጥ ይሰጣል። አክስቴ እጇን እንደተቃጠለ ሰው ነጠቀች። ብሩ በሁለቱ መሀል መሬት ላይ ወደቀ።

ያለው ሰው ሁሉ አየው። ተቆጣጣሪውም አየው።

“እናቴ፣ ነግሬዎት ነበር” አለ። ደንብ አስከባሪው ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመደ። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፤ አልተንቀሳቀስኩም። 

አክስቴ ተቆጣጣሪውን አላየችውም። ሽማግሌውን ነው ያየችው። “ጋሼ፣ ብርዎን ያንሡ” አለቻቸው።

“የሰው ነገር በነፃ መውሰድ አለመድኩም” አሉ ሽማግሌው። “ባልሽ ቢኖር ይህን አያደርገኝም ነበር።”

“እሱ ቢኖር ይለምንዎት ነበር። እኔም እለምንዎታለሁ። ዛሬ ለእኔ ሲሉ ድሃ ይሁኑ።”

 የሽማግሌው ፊት ሲጠቁር አየሁ። ዞረው የሚሄዱ መሰለኝ፤ ቢሄዱ ብሩ እዚያው ይቀራል፤ የማን እንደሆነም ሁሉም ያውቃል። ቀስ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ትከሻቸው ላይ የነበረውን ፎጣ አንሥተው በሁለት እጃቸው ዘረጉት። ከዚያ በሕፃንነታቸው ቆሎ ተማሪ ሳሉ በየደጁ ሲሉት በነበረው ዜማ፣ ለምኖ የሚያድር ሰው እንደሚለው፣

“በእንተ ስማ ለማርያም” አሉ።

ድምፃቸው አልወጣላቸውም፤ መጨረሻው ላይ ተሰበረ። ከወሎ ልጆች አንዱ “አባባ፣ ትራክተሩን ደጅ አቁመው ነው?” አለና ሳቅ ተነሣ። ሌሎቹም ሳቁ፤ ሴቶቹ እንኳ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ከጭንቀቱ የተነሣ እኔም ልስቅ ነበር። ሽማግሌው ፎጣውን እንደዘረጉ ቆሙ። አክስቴ አልሳቀችም። በሁለት እጇ አፍሳ ፎጣው ላይ አደረገችላቸው፣ እንደገና አፈሰች፣ እንደገና።

ተቆጣጣሪው መሬት ላይ ያለውን እያየ “ይህስ ብር የማን ነው?” ብሎ ጠየቀ።

ሳቁ ቆመ።  “የእኔ ነው” አሉ ሽማግሌው፣ ቀና ሳይሉ። “ከኪሴ ወድቆብኝ ነው።”

ጎንበስ ብዬ አነሣሁና እጃቸው ስለተያዘ ኮት ኪሳቸው ውስጥ አስገባሁላቸው። ተቆጣጣሪው ሽማግሌውን አየ፣ አክስቴን አየ፣ በመጨረሻ ሰዓቱን አየ። “ከወደቀ እንግዲህ ወድቋል” አለ። ደንብ አስከባሪው ከበሩ ራቀ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሁሉ ፎጣም ሆነ ሳፋ እየዘረጉ ያንኑ እያሉ ወሰዱ። ለእነሱ ጨዋታ ሆኖላቸው ነበር። ሽማግሌው ግን መኖውን በፎጣ ቋጥረው፣ ባርኔጣቸውን ሳያደርጉ፣ በፀሐይ ሄዱ። ማንንም አልተሰናበቱም።

መኖው አለቀ። አክስቴ ወለሉን ጠረገች። ተቆጣጣሪው ገብቶ ባዶውን ክፍል አየና መኖ አለመገኘቱን ጻፈ። ሲወጣ ሌላ ቤት ከተከራየች የመኖውንም ፈቃድ ማውጣት እንደምትችል፣ ማመልከቻውን ሊረዳት እንደሚችልም ነገራት። በትሕትና ነው የተናገረው። አክስቴ እሺ አለችው፤ ግን እየሰማችው አልነበረም። ጆሮዋ ማሽኑ ላይ ነበር።

ቴርሞሜትሩ ላይ ያየሁትን ቁጥር እዚህ አልጽፈውም፤ ያኔም ጮክ ብዬ አልተናገርኩትም። ወለሉ ላይ ውሃ ደፋን። ጆንያዎቹን በድርብ ሰቀልን። አክስቴ የማሽኑን በር በስሱ ከፍታ በካርቶን ክዳን ታራግባለች፤ ክንዷ ሲዝል እኔ እቀበላታለሁ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ እንቁላል አንሥታ ጆሮዋ ላይ አደረገች፤ ፊቷ ላይ ምንም አልተነበበም፤ ለእኔ ሰጠችኝ። ከቅርፊቱ ውስጥ በጥፍር እንጨት ሲነካ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ሰማሁ። ጣሪያው አጠገብ የነበረው የላይኛው መደዳ ግን ዝም ብሏል። እስከ ንጋት ዝም እንዳለ ቀረ። የቀሩት ወጡ።

አክስቴ በዚያው ማታ ለገዢዎቿ ደውላ መኖ እንደሌላት፣ የራሳቸውን አዘጋጅተው እንዲመጡ ነግራቸው ነበር። ጫጩት ሲፈለፈል በሆዱ ይዞት የሚወጣው አስኳል ለትንሽ ቀን ስለሚያቆየው አትጨነቁ አለቻቸው። አንዳንዶቹ ያለ መኖማ አንወስድም አሉ። አልተከራከረቻቸውም።

ጠዋት ገና ማንም ሳይመጣ፣ ከጠነከሩት ጫጩቶች መርጣ የተበሳ ካርቶን ውስጥ አደረገችና ተከተይኝ አለችኝ። የምንሄደው ወደ ሽማግሌው ቤት ነበር። ስጦታ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ መንገድ ላይ ምን ብላ ይቅርታ እንደምትጠይቃቸው ሳስብ ነበር።

ግቢያቸው ውስጥ አንገረባቸው ላይ፣ በጠፍር በተሠራው አልጋ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ሌላ ጊዜ አክስቴ ስትመጣ ይነሣሉ። አልተነሡም።

“ምን ይዘሽ መጣሽ?” አሏት።

“ጫጩት ነው፣ ጋሼ።”

“ጫጩት እኔ አላዘዝኩም።”

“አላዘዙም። ልሸጥልዎት ነው የመጣሁት።”

ዋጋውን ነገረቻቸው። ሙሉውን ዋጋ ነው የነገረቻቸው፤ ለማንም ገዢ ከምትለው አንድ ሳንቲም አላጎደለችም። እኔ ደነገጥኩ። ከትናንቱ በኋላ ለእኚህ ሰው እንዴት አትቀንስም ብዬ ካርቶኑን ይዤ መሬት መሬት አየሁ።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው በቀዳዳው ወደ ካርቶኑ ውስጥ ተመለከቱ። “ተወደደ” አሉ።

“አዎ፣ ተወዷል” አለች አክስቴ። “ካልፈለጉት ሌላ ገዢ አለኝ።”

ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። ከዚያ ከአንገረቡ ተነሥተው ቆሙ፤ እጃቸውንም ትናንት ብሩን ወዳስገባሁበት ኮት ኪሳቸው ላኩ።